አልጌውን ሐይቁ ሳይሆን እኛ እናብቅለው

በላንጋኖ ዳርቻ የአንድ ሎጅ ፈቃድ ሲታደስ ከሚጠየቁት ነገሮች ላይ አንድ እንዲጨመር እፈልጋለሁ፦ ከወጥ ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያውና ከሴፕቲክ ታንኩ የሚወጣው ውሃ መሬት ውስጥ ከመስረጉ በፊት ናይትሬቱና ፎስፌቱ የት ይቀራል? ሁለቱም ገበሬው በገንዘቡ ገዝቶ ማሳው ላይ በሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥ ያሉ ናቸው። እኛ ግን ከምግብ ትራፊ፣ ከሳሙናና ከሽንት ጋር ወደ ሐይቁ እንሰዳቸዋለን። ሥራዬ የቧንቧና የመብራት ጥገና ነው፤ ሐይቁ ዳር ብዙ ጉድጓድ ከፍቻለሁ፣ ብዙ መስመርም ዘርግቻለሁ። ታንኩ ዝቃጩን ያስቀራል። የሟሟውን አያስቀርም።

መፍትሔ የምለውን ነገር ያወቅሁት በመስታወት ገንዳ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ አለው፤ ኮራል ያረባበታል። ኮራል የለመደው ንጥረ ነገሩ እጅግ የሳሳ ባሕር ነው። ለዓሦቹ የሚበተነው ምግብ ተብላልቶ ናይትሬትና ፎስፌት ሲሆን አልጌ ይመጣና ኮራሉን ሸፍኖ ያፍነዋል። ወንድሜ አልጌ ማጥፊያ መድኃኒት አልገዛም። ከገንዳው በላይ፣ ከገንዳው የበለጠ ብርሃን ያለበትን ቦታ ለአልጌው ራሱ አዘጋጀለት። አልጌው እዚያ ይወፍራል፣ እሱ ፍቆ ያወጣዋል፣ ኮራሉ ይተርፋል።

እሱ በስልክ እየመራኝ እኔም በምሠራበት ሎጅ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ላለው የቆሮሶ ገንዳ ያንኑ ሠራሁ። የባሕር ውሃም ይሁን የሐይቅ፣ አሠራሩ ያው ነው። ቁራጭ ፒቪሲ ቧንቧ አንድ ጫፉ ይደፈንና ሆዱ በሰጌቶ በቁመቱ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ መረብ ይገባል። ለስላሳ መረብ አልጌ አይዝም፤ ስለዚህ ሁለቱም ፊቱ እስኪሻክር በሰጌቶው ጥርስ መፈግፈግ አለበት። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ቧንቧው ይገፋል፤ ውሃው በመረቡ በሁለቱም በኩል እንደ ስስ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከግራና ከቀኝ መብራት ይበራበታል። ብርሃኑ መረቡ ላይ ብቻ እንጂ ገንዳው ላይ እንዳያርፍ መከለል ግድ ነው፤ አለበለዚያ አልጌው ገንዳውንም ይመርጣል።

መጀመሪያ የሚታየው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ነው። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ መታገሥ ይገባል። ቀጥሎ አረንጓዴው ክር ይመጣል። ሲወፍር መረቡን አውጥቼ፣ ሥር ሥሩን ትቼ፣ በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ እፍቀዋለሁ። ሣር ሣር የሚሸት፣ ሲጨመቅ ውሃው የሚንጠባጠብ እፍኝ ሙሉ አልጌ ይወጣል። ይህ እፍኝ ከዚያ በፊት በውሃው ውስጥ ሟሙቶ በዓይን የማይታይ ነበር። እጅ የሚይዘው ነገር ሆኖ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ የመጣ አይደለም። ዋልተር ኤዲ የተባሉ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ፣ በካሪቢያን ባሕር ማዕበል በሚመታቸው የኮራል አለቶች ላይ አጭር አልጌ በፍጥነት ሲያድግ፣ ዓሦችም እየተከተሉ ሲግጡት አስተዋሉ። የማዕበሉን ሥራ ለሚወርድ ውሃ፣ የዓሦቹን ሥራ ለመፋቂያ ሰጡና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት አወጡበት። በኋላ ዘዴው ከሳሎን ገንዳ ወጥቶ በካሊፎርኒያ በከተማ ፍሳሽ ላይ፣ በፍሎሪዳ ከእርሻ በሚወርድ ውሃ ላይ ተሞክሯል።

ዋናው ነገር ግን ማሳደጉ ሳይሆን ማውጣቱ ነው። መረቡ ላይ የተተወ አልጌ ራሱ በራሱ ላይ ያጠላል፤ ከሥሩ ይሞትና ተቆርሶ ገንዳው ውስጥ ይወድቃል፤ የበላውን ሁሉ መልሶ ለውሃው ያስረክባል። ስለ እምቦጭም የምለው ይህንኑ ነው። እምቦጭ በአገራችን ከታየ ቆይቷል፤ ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመዝግቧል፤ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ። በጣና በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ያን ድካም አከብራለሁ። ነገር ግን የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ከበሰበሰ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጭማቂውን ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። ነቅሎ ማራቅ ካልተከተለ፣ እምቦጩን ያበቀለው ምግብ ቦታውን አልለቀቀም ማለት ነው።

ቆቃ ደግሞ ሌላውን አደጋ ያሳያል። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት ለሰውም ለከብትም መርዝ ያመነጫል። ቢያንስ ቆቃን ያየ ሰው ችግር እንዳለ ያውቃል። ላንጋኖ ይህን አይነግረንም። ውሃው የማይዘቅጥ ደቃቅ ሸክላ ስለያዘ ቡናማ ነው፤ እስከ ክርን ድረስ የገባ እጅ ጣቱ አይታይም። ብርሃን ወደ ታች ስለማይደርስ አልጌው እንደልቡ አይበቅልም። ስለዚህ ምን ያህል ፎስፌት እንደጨመርንበት ሐይቁን በማየት ማወቅ አይቻልም። ከአዲስ አበባ ለዋና የሚመጣው እንግዳ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ስለተነገረው ተማምኖ ይገባል፤ እኛም ቀለሙ ስላልተለወጠ ተማምነን እንለቅበታለን።

የምንለቀው ደግሞ ላንጋኖ ላይ አያበቃም። ውሃው በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፣ ፀሐዩ ውሃውን ብቻ ይወስዳል። ከደምበል በቡልቡላ በኩል የሚደርሰው በመስኖ እየተጠለፈ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ እየተቀዳ ሐይቁ ክፉኛ ሸሽቷል። ፍላሚንጎ የሚመገብበት፣ ብሔራዊ ፓርክ ያልነው ሐይቅ ነው። የቀረችው ውሃ ባነሰች ቁጥር እኛ ከላይ የምንልከው ይከብድባታል።

ታዲያ ምን ይሠራ? ወንድሜ ለመብራቱና ለፓምፑ በየወሩ ይከፍላል። እኔም መብራት በጠፋ ቁጥር መረቡ እንዳይደርቅ በጣሳ ውሃ አፈስበታለሁ። ሎጆቹን ግን ሁለቱም ላያስፈልጓቸው ይችላሉ። ግቢዎቹ በአብዛኛው ወደ ሐይቁ ያዘነበሉ ናቸው፤ ፀሐዩም አለ። ከመጨረሻው ጉድጓድ በኋላ፣ ውሃው ከመስረጉ በፊት፣ ስስ ሆኖ የሚወርድበት ሰፊና ጥልቀት የሌለው የሲሚንቶ ቦይ፣ በላዩም የሻከረ መረብ፦ ይኸው ነው። የቅባት ማጥመጃ ቀድሞ መኖር አለበት፤ ቅባት መረቡን ይደፍነዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው እድገቱን ያዘገየዋል። ጀርም አይገድልም፤ ስለዚህ የሚፍቀው ሠራተኛ ጓንትና ቦቲ ይሰጠው፣ የተፋቀውም ለከብትና ለዶሮ አይሰጥ፤ ከሐይቁ ርቆ ከቅጠልና ከአፈር ጋር ተብላልቶ ለጥላ ዛፍ ይዋል።

ውሃን መበከል የሚከለክል ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን የሚያየው የታንኩን ክዳን ነው፤ እኔ ነኝ የማነሳለት። ክዳኑን አይቶ ከሚሄድ መዝገብ ይጠይቅ፦ በዚህ ወር ስንት ባልዲ አልጌ ተፍቆ ወጣ፣ ማን ፋቀው፣ የት ተወሰደ? ባልዲው ከተሞላ ያ ሁሉ ወደ ሐይቁ አልገባም። ባዶ ከሆነም ወዴት እንደሄደ ግልጽ ነውና ፈቃዱ ቦዩ እስኪሠራ ይቆይ።