ስድስተኛው ሯጭ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ድሩ እንዴት አድርጎ እንደሚያብር ተረቱ አልነገረንም። ስለዚህ መልሱን ዛሬ ከአገር አቋራጭ ሩጫ እንፈልገው።

በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር የቡድን ነጥብ አቈጣጠር ቀላል ነው። አንደኛ የወጣ 1፥ ሃያኛ የወጣ 20 ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቡ ተደምሮ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። በወንዶች ውድድር ቀድሞ የሚደመረው የስድስት ሯጮች ነጥብ ነበር፤ ዛሬ የአራት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንደኛው ሯጭ ሁለተኛውን ቀድሞ ቢገባ ለቡድኑ የሚያተርፈው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ስድስተኛው ግን 15ኛ መውጣት ሲችል 55ኛ ቢወጣ ኪሳራው 40 ነጥብ ነው!

ለዚህ ምስክራችን በ1973 ዓ.ም. በማድሪድ የተደረገው ውድድር ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች ከፊት ሆነው ሲመሩ ዙሩን ተሳስተው ቈጠሩና ገና አንድ ዙር ሲቀር የጨረሱ መስሏቸው ፈጥነው ሮጡ። ስሕተቱን እስኪያውቁ ድረስ ከኋላ የነበሩት ደረሱባቸው። በብዙ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ የቀረው ዙር «ማን ነው የተሳሳተው?» በሚል ክርክር ባለቀ ነበር። እነርሱ ግን እንደ ገና ሩጫቸውን ቀጠሉ። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ፥ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሲወጡ፥ የቡድኑን ድል ኢትዮጵያ ወሰደች። እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስም አምስት ጊዜ በተከታታይ ይህን ድል የነጠቃት አልነበረም።

አሁን ወደ ቢሮአችን እንመለስ። የባለጉዳይ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ገብቶ፥ ተጣርቶ፥ ደብዳቤው ተጽፎ፥ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይወጣል። እናንተ ድርሻችሁን በአንድ ሰዓት ብትጨርሱ፥ ፋይሉ ግን ከጎረቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ቢውል፥ ከገጠር መጥቶ አልቤርጎ የሚያድረው ሰው የሚቈጥረው ሦስቱን ቀን ነው። የእናንተ ቅልጥፍና ለእርሱ ምንም አልፈየደለትም። ስለዚህ ቀድማችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ዘወር በሉ። ያ የዘገየው ጓደኛችሁ ምናልባት ትናንት የተቀጠረ፥ አሠራሩንም ማንም ያላሳየው ይሆናል።

ይሁን እንጂ መጠበቅም ልክ አለው። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ፥ በ10,000 ሜትር ሩጫ፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጉዳት እያለበት ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። አብሯቸው ሊዘልቅ እንደማይችል ባዩ ጊዜ ግን ወደ ፊት ገሠገሡ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፥ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። ኃይሌም ሳያቋርጥ አምስተኛ ወጣ። ጓደኛን አከበሩ፤ ግቡንም አልዘነጉም። እኛም የደከመውን እንጠብቅ፤ መሥራት እየቻለ የሚለግመውን መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነውና።

ተማሪዎችም ብትሆኑ አብራችሁ ስታጠኑ ይህንኑ ሞክሩት። «እኔ ስንተኛ ነኝ?» ከማለት በፊት «ከኋላዬ ያለው ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ድር የሚያብረው እንዲህ ነው።