ሥሩ የማንም ይሁን፣ ውኃው የልጆቻችን ነው

«ዛፋችሁ ቧንቧችንን ሰበረው!» «ቧንቧችሁ ድሮም ያረጀ ነበር!» ይህ ክርክር ግቢ ለግቢ በተጠጋጋንበት ሰፈር ሁሉ አለ። እኔን እንደ ጤና ባለሙያ የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር መሬት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት አላቸው። ሥር በደንብ የተገጠመ ደኅና ቧንቧ እንዲያው አይበሳም፤ እርጥበት ነው የሚከተለው። መገጣጠሚያው ትንሽ ካንጠባጠበ እንደ ፀጉር የቀጠነው ሥር ይገባና ውስጥ ሆኖ ይወፍራል፤ ስንጥቁን ያሰፋል። የፍሳሽ መስመር ከሆነም ይደፍነዋል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አደጋው ይብሳል። ውኃው ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወድቃል፤ ያኔ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ በስንጥቁ ሊሳብ ይችላል። አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ተቅማጥና ታይፎይድ ይከተላሉ። በሽታ አጥር አያውቅም፤ ልጆቻችንም በሁለቱም ግቢ ውኃ ይጠጣሉ።

ስለዚህ «ጥፋተኛው ማነው?» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

የመጠጥ ውኃ አፍሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ውኃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ልጅ ካስቀመጠው ለምለም (ኦአርኤስ) በጥብጣችሁ ስጡ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ ወይም ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ አመልክቱ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ሁለቱም ጎረቤቶች ይገኙ፤ በዓይን ያዩት ነገር ብዙ ክርክር ይቆርጣል። ሥሩን ብቻ ቆርጦ መመለስ አይበቃም፤ መገጣጠሚያው ካልተጠገነ ተመልሶ ይገባል። ከግንዱ ሥር ያለውን ወፍራም ሥር ግን ያለባለሙያ አትቁረጡ፤ ዛፉ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወጪውን በሽማግሌ ተከፋፈሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ማንም በባለቤትነት መብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ፍርድ ቤት መሄድ መብት ነው፤ ነገር ግን ቀጠሮ እስኪደርስ የተሰነጠቀው ቧንቧ አይጠብቅም።

ለከርሞ የምትተክሉም ባሕር ዛፍና የጎማ ዛፍን ከቧንቧ መስመር አርቁ። በመስመሩ አቅራቢያ ጤና አዳም፣ በሶብላ ወይም ጎመን ይበቃል። መስመሩ በየት እንደሚያልፍ የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ እኛ አያቶች ነን፤ ሳንረሳው ለልጆቻችን እናሳያቸው።