ምንጭ አትበሉን

ስለ ወሎ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ቃል አያጣም፤ «ምንጭ»። ወሎ የኪነት ምንጭ ነው፣ ወሎ የዜማ ምንጭ ነው ይባላል። በዓል ሲከበር ከመድረክ ይነገራል፤ በጋዜጣ ይታተማል፤ በቴሌቪዥን ይደጋገማል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝና ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር። ዛሬ ግን ያስከፋኛል። ለምን ብትሉ፣ ምንጭ ማለት ሰው እንስራውን ይዞ መጥቶ፣ ቀድቶ የሚሄድበት ቦታ ነው። እዚያው የሚኖረው ሰው ጠጣ ወይስ ተጠማ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቋንቋችን መቼም ጠቢብ ነው፤ ውኃም ይቀዳል፣ ዘፈንም ይቀዳል።

የምኖረው ሐራ ነው። ለማታውቋት፣ ከወልዲያ ወደ ጭፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሰሜን ወሎ ቆላማ ከተማ ናት። ስሟን የሰማችሁት ምናልባት በባቡሩ ምክንያት ይሆናል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው መስመር መድረሻው ሐራ ገበያ እንዲሆን ተወስኖ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ባቡሩን መጠበቅ ከጀመርን እንግዲህ ዓመታት ተቆጠሩ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ «ሲስተም የለም» እያልኩ ደንበኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ሲመሽ እኩዮቼ ከረንቡላ ይጫወታሉ፣ የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ፣ ጫት ይቅማሉ፤ አለዚያም እንደ እኔ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያመሻሉ። በስልኩ ውስጥ የዓለም ዘፈን ሁሉ አለ። ሰው ከሰው ፊት ተቀምጦ ሲጫወት የሚሰማበት አንድ ቤት ግን እኔ አላውቅም።

የዜማችን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። አራቱንም ወሎ ወለደቻቸው የሚሉ አሉ፤ ያን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። ሁለቱ ግን የቦታ ስም ስለ መሆናቸው ክርክር የለም። ባቲ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ከሐብሩ በስተደቡብ ያለ ተራራማ አገር ነው፤ ከሐራ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ታዲያ የዚያን ተራራ ስም የያዘውን ቅኝት በዓይኔ እያየሁ፣ ከክራር ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሰማሁት የት ይመስላችኋል? አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ! የስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ አንድ ወዳጄ እየጎተተ ወሰደኝ። ጎረቤቴ የሆነውን አምባሰልን ለመስማት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝኩ ማለት ነው። ያን ሌሊት እንባዬ መጣ። ጓደኞቼ በዜማው የተነካሁ መሰላቸው፤ እኔን ያስለቀሰኝ ግን እፍረት ነበር።

ሌላው ዓለምማ ቀድቶ ጠጥቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ተከታታይ ሲዲዎች የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ዘፈኖቻችንን ለአውሮፓ ጆሮ አደረሰ። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በ2005 እ.ኤ.አ. በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ጌታቸው መኩሪያ የአገራችንን ሽለላ በሳክስፎን ይዞ ከሆላንዶቹ «ዘ ኤክስ» ጋር መድረክ ላይ ቆመ። እነዚህን ሰዎች አልወቅስም፤ እንዲያውም አመሰግናለሁ። የምወቅሰው እኛን ነው። ከእኛው የወጣው ዜማ በባዕድ ሲጨበጨብለት ብቻ ነው ያጨበጨብነው።

«አዲስ አበባ እስካለች ምን ቸገረህ?» የሚሉኝ አሉ። አዲስ አበባንስ እስቲ እንያት። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉን ካነደደው እሳት ጋር ነደደ። ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ በመላኩ በላይ እጅ የባህል ማዕከል የሆነው ፈንድቃ፣ ካዛንቺስ ፈርሳ እንደ አዲስ ስትሠራ በ2017 ዓ.ም. ከኖረበት ቦታ ተነሣ። አንዱን እሳት ወሰደው፣ አንዱን ዶዘር። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያከማቸ ገበሬ ምን እንደሚገጥመው ለወሎ ሰው አይነገረውም። የአንድ አገር ሙዚቃ አድራሻው አንድ ሰፈር ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰፈር በታመመ ቀን አገሩ ዲዳ ይሆናል።

ጥፋተኛው ማን ነው? መንግሥት ነው ብዬ ብሸሽ ይቀለኝ ነበር። እርግጥ ባህል ለእንግዳ መቀበያ ብቻ የሚወጣ ልብስ ሆኗል፤ እንግዳው ሲሸኝ ተጣጥፎ ይቀመጣል። እርግጥ በሠርጋችን ማሲንቆው በኪቦርድ ተተክቷል። ነገር ግን በዚህ ነገር እኔ ራሴ ምስክር ብቻ አይደለሁም፤ ተከሳሽም ነኝ።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ማሲንቆአቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ መስኮቴ መጡ። የቁጠባ ሂሳብ ለመክፈት ነበር። ስም ጠየቅሁ፣ አድራሻ ጠየቅሁ፣ ሥራ ጠየቅሁ።

«አዝማሪ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔም፣ ማታ ማታ ግጥም የምጽፈው ሰውዬ፣ አብሬ ፈገግ አልኩ። ቅጹ ላይ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ። የመጨረሻው «ሌላ» ይላል፤ ከጎኑም መግለጫ የሚጻፍበት መስመር አለው። «ሌላ» ላይ ምልክት አድርጌ መስመሩን ባዶ ተውሁት።

«ምን ብለህ ጻፍከው፣ የኔ ጌታ?» አሉኝ።

«‹ሌላ› ብዬ ነው አባባ።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። «እኔማ ሌላ አይደለሁም ልጄ። የዚሁ አገር ሰው ነኝ» አሉ። ደብተራቸውን ተቀብለው ወጡ።

ወዳጆቼ፣ «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የተገኘ ነው። መዝሙርም ዝማሬም ከዚያው ቤት ናቸው። ከአንድ ሥር የበቀሉትን ሁለት ወንድማማቾች አንዱን አክብረን ሌላውን መሰደቢያ አደረግነው። በሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፤ ልጃችንን ሊያገባ ቢጠይቅ ግን ዘሩን እናጣራለን። እንዲህ ያለውን ሥራ ማን ይውረሰው? የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ ማሲንቆ ይልቅ የባጃጅ መሪ ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

«ሰው ዳቦ ባጣበት፣ ጦርነት ባደከመው አገር ስለ ሙዚቃ ታወራለህ?» የሚል ሙግት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሴ ይህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልዲያና አካባቢዋ ሲደርስ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት መብራትም ስልክም አልነበረም። የዓለም ዘፈን ሁሉ ያለበት ስልኬ ጥቁር መስተዋት ሆነ። በዚያ ሁሉ ወራት የሰማሁት ዜማ እናቴ በጓዳ ሆና የምታንጎራጉረው ብቻ ነበር። በቀን አንዴ እየበላን ያን ድምፅ እንጠብቅ ነበር። ማሲንቆ መብራት አይጠይቅም፤ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ ደጋንና አንድ ሰው ይበቃዋል። ዜማ የጠገበ ሰው ትርፍ ነው የሚለኝ ካለ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር አልነበረም።

ደግሞም እናንተ ግጥም የምትወዱ አንባቢዎች አንድ ነገር አስቡልኝ። ስልክ ያዘፍናል እንጂ አይቀበልም። በአዝማሪ ፊት ግን «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን የሚሰጠው ሰሚው ነው። አዝማሪው ቃሉን ይቀበላል፣ በዜማ ያለብሰዋል፣ ሰሙ ከቀጠነ ያወፍረዋል፣ ወርቁን ለቤቱ ያሳያል። ማተሚያ ቤት ሳይኖር፣ አርታኢ ሳይኖር፣ የእኛ ሰው ግጥሙን ሲያሳትም የኖረው እዚያ ነው። ቅኔው ካልሰመረ ቤቱ ዝም ይላል፤ ከሰመረ እልል ይላል። እኛ የዛሬዎቹ ገጣሚ ነን ባዮች ያን ፍርድ ቤት ሸሽተን፣ ለብቻችን ጽፈን ለብቻችን እናደንቃለን። አዝማሪው ሲጠፋ የሚጠፋው ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ የግጥማችን ዳኛም አብሮት ይጠፋል።

ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ? ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት፤ ኮርተንበታል። እኔ የምለምነው ሃምሳ ወንበር ነው። በሐራ፣ በመርሳ፣ በወልዲያ፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ በአንድ ሻይ ቤት፣ ማሲንቆ የያዘ አንድ ሰው ይቀመጥ። ክፍያው በግንባር ላይ የሚለጠፍ ችሮታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ ተቆርጦ ይሰጠው። ይህን ለማድረግ ቢሮ መለመን፣ ባቡርም መጠበቅ አያስፈልግም። እኛ ደመወዝተኞች ለአንድ ቀን ጫት የምናወጣውን ብናዋጣ ይበቃል።

እኔ ከመስኮቴ ጀምሬአለሁ። ሽማግሌው በሌላ የገበያ ቀን ገንዘብ ሊያስገቡ ሲመጡ ቅጻቸውን አወጣሁና ባዶ በተውሁት መስመር ላይ «አዝማሪ» ብዬ ጻፍኩ። ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩላቸው። «አሁን ገና ጻፍከኝ» አሉ። እኔም መስኮቱን ተደግፌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ቀስ ብዬ «ይቀበሉ አባባ» አልኳቸው፦

ሁሉ ከእኛ ቀድቶ ሲሄድ እያየነው፣
ውኃ ጠማን ብንል ማን ነው የሚያምነው?

ማሲንቆው በነጠላው እንደተጠቀለለ ነበር። በአፋቸው ብቻ፣ ዝቅ አድርገው፣ በአምባሰል ተቀበሉኝ። ሰልፉ ዝም አለ፤ የሳቀ አልነበረም።