የማዋለጃውን ወጪ ማን ይክፈል? ከፑምዋኒ የምንማረው

ናይሮቢ፦ እንደሚታወቀው የኬንያ መንግሥት በማርች 2025 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። በዕቅዱ መሠረት የካኩማና የዳዳብ ካምፖች ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች ይሆናሉ። በእርዳታ ድርጅቶች እጅ ያለው አገልግሎትም ወደ መንግሥትና ወደ ካውንቲ አስተዳደር ይዞራል። ሰዉ የሚጠያየቀው ስለ መታወቂያና ስለ ሥራ ፈቃድ ነው። እኛ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አለን፦ ነገ የማዋለጃውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከኢስሊ አጠገብ ያለውን የፑምዋኒ ማዋለጃ ሆስፒታል ታሪክ ማየት ይበቃል።

ፑምዋኒ በ1926 ሲጀመር የመንግሥት ሆስፒታል አልነበረም። በጊዜው የኬንያ ገዥ የነበሩት የሰር ኤድዋርድ ግሪግ ባለቤት፣ ሌዲ ግሪግ፣ ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ማዋለጃ ነበር። ገዥው በ1930 ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ ማዋለጃው ግን አልተዘጋም። በ1944 የናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ተረከበው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ከመሥራቾቹ በኋላ የሚኖረው ቋሚ ባለቤት ሲያገኝ ነው።

ይሁን እንጂ ባለቤት መቀየር ብቻውን በቂ አይደለም። በ2010 ሁለት እናቶች የወለዱበትን ሒሳብ መክፈል ስላልቻሉ በዚያው ሆስፒታል ታግተው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በሴፕቴምበር 2015 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገታው ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ፤ ካሣም ፈረደላቸው። ለድሃ እናቶች ተብሎ የተከፈተ ቤት ድሃ እናት ማሰሪያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሕንፃውን የተረከበ ሁሉ ወጪውን ተረከበ ማለት አይደለም።

በ2013 ሁለት ነገሮች ባንድ ላይ መጡ። አንደኛ፣ በ2010ሩ ሕገ መንግሥት መሠረት የካውንቲ መስተዳድሮች ሥራ ጀመሩና ፑምዋኒ ወደ ናይሮቢ ካውንቲ ገባ። ሁለተኛ፣ ከጁን 1 ጀምሮ በመንግሥት ተቋም መውለድ በነፃ ሆነ። ለአንድ ወሊድ ማዕከላዊው መንግሥት ለጤና ጣቢያ 2,500 ሺሊንግ፣ ለሆስፒታል 5,000 ሺሊንግ ይመልስ ነበር። እናቶች ጎረፉ። አልጋውና አዋላጅ ነርሱ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም፤ ክፍያውም እየዘገየ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ አማረዋል። በሴፕቴምበር 2018 የናይሮቢ ገዥ ሳይጠበቁ ፑምዋኒ ገብተው የ12 ሕፃናት አስከሬን ታሽጎ ተቀምጦ ማግኘታቸው አገሩን ያስደነገጠ ዜና ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አዲሱ የማኅበራዊ ጤና መድን የቀድሞውን ተክቷል፤ ነፃ የወሊድ ፕሮግራሙም በዚሁ ውስጥ ገብቷል። መድኑ ከገቢ 2.75 በመቶ፣ ቢያንስ በወር 300 ሺሊንግ መዋጮ ይጠይቃል። ያልተመዘገበች ወይም ያልከፈለች እናት ምጧ ሲመጣ ምን ትሁን? ደመወዝ ለሌለው ስደተኛ ቤተሰብ 300 ሺሊንግ በየወሩ ቀላል አይደለም።

እስቲ ሌላም ምሳሌ እንይ። በኬንያ ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ እርጉዞችን የሚከታተሉ፣ ሕፃናትን ወደ ክትባት የሚልኩ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ነው የሠሩት። በ2023 በወጣው አሠራር ግን በወር 5,000 ሺሊንግ ተቆረጠላቸው፤ ግማሹን ማዕከላዊው መንግሥት፣ ግማሹን ካውንቲው እንዲከፍል ነው። በአገራችንም ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከመጀመሪያው የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። በጎ ፈቃድ የተከበረ ነገር ነው፤ ግን ልጅ ያለባት ሴት በምስጋና ብቻ ስንት ዓመት ትሠራለች?

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይላል? በካምፕ ያለው ማዋለጃ የቆመው በለጋሾች ገንዘብ ነው። ለጋሽ እጁን ሲሰበስብ ምን እንደሚሆን በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ አይተነዋል። ስለዚህ ወደ ካውንቲ መዛወሩን አንቃወምም፤ እንዲያውም ፑምዋኒን እስከ ዛሬ ያቆየው እርሱ ነው። የምንለው በባዶ እጅ አይዛወር ነው።

የካውንቲ ባለሥልጣናት ለውይይት ሲመጡ ስለ መታወቂያ ከጠየቅን በኋላ ሦስት ነገር እንጨምር። ለማዋለጃውና ለሕፃናት ክትባት በካውንቲው በጀት ላይ በስሙ የተመደበ ገንዘብ አለ ወይ? ዛሬ ድርጅቱ የሚከፍላቸውን አዋላጆች ነገ ማን ይቀጥራቸዋል? መዋጮ መክፈል ያልቻለችውን እናት መድን ማን ይከፍልላታል? የጽሑፍ መልስ እንጠይቅ። በዚህ ጉዳይ በተለይ እናቶች ራሳቸው ስብሰባው ላይ ይገኙ፤ ወንዶች ብቻ ተሰብስበን ስለ ምጥ ብንወስን አያምርብንም።

ቸር ይግጠመን።