ገዢው የሚጠራው ስምና ሻጩ የሚጽፈው ስም

በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ የሚፈልግ ሰው ወደ ሸማ ተራ፥ በርበሬ የሚፈልግ ወደ በርበሬ ተራ፥ እህል የሚፈልግ ወደ እህል በረንዳ ይሄዳል። መንገዱን የማያውቅ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያውን ባለሱቅ ወይም ተሸካሚ ጠይቆ ይደርሳል። ከደረሰም በኋላ ሻጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ለወንድ ነው ለሴት? ስንት ቁጥር? ምን ዓይነት ቀለም? እስከ ስንት ብር ያለውን?» እያለ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ከመቶው ዕቃ ሦስቱን ብቻ ከመደርደሪያው አውርዶ ያሳያል። ይህ ልማድ ከነጋዴው ጋር አብሮ የኖረ ስለ ሆነ እንደ ዕውቀት የሚቈጥረው ሰው የለም።

በኢንተርኔት ሱቅ ግን ተራውን የሚያሳይ መንገደኛ፥ ጠይቆም የሚያጣራ ሻጭ አይገኝም። ገዢው በስልኩ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋል፤ ይህ ሰው የሚፈልገው የትኛውን የዕቃ ምድብ እንደ ሆነ፥ መጠኑና ቀለሙ ምን እንደ ሆነ መፍረድ የመሣሪያው ፈንታ ይሆናል። «የሴት ጫማ 38 ጥቁር» ተብሎ ቢጻፍለት፥ ጫማ የሚለው ምድቡን፥ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ማጣሪያዎቹን የሚያመለክቱ መሆናቸውን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የገዢውን ቃል ሊያገናኝ የሚችለው ሻጩ ከጻፈው ቃል ጋር ነው። ባለዕቃው ከፎቶግራፉ ሥር «አዲስ የገባ ቆንጆ ጫማ፥ ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ከተወው፥ ያ ጫማ በመጋዘን ተቈልፎበት እንደ ቀረ ይቈጠራል። ዋጋው ያልተጻፈ ዕቃ በዋጋ ለሚያጣራ ገዢ ከቶ አይታይም።

ነጋዴውም ሁለት ወር ጠብቆ ገዢ ሲያጣ «በኢንተርኔት ንግድ የለም» ብሎ ይደመድማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ቴሌብርን የመሰለ የክፍያ መንገድ ተገኝቷል። ሕጉና ክፍያው ከተገኙ፥ ብዙውን ጊዜ የሚጐድለው የዕቃው ስም ነው።

በአማርኛ በኩል ያለው ችግር ደግሞ የራሱ የሆነ መልክ አለው። አንዱ «ፀጉር»፥ ሌላው «ጸጉር»፥ ሦስተኛው «ጠጉር» ብሎ ይጽፋል፤ «ዕቃ»ና «እቃ»፥ «ሰዓት»ና «ሰአት»ም እንዲሁ። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ መሣሪያው ግን አንድ መሆናቸው ካልተነገረው በቀር የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይወስዳቸዋል። ከፊደሉም ይልቅ ስሙ ይከብዳል። ባልትና የምታውቅ እመቤት «ማኛ» ወይም «ሰርገኛ» ብላ ትፈልጋለች እንጂ «ጤፍ» የሚለውን ቃል ላትጨምር ትችላለች። ጋቢ አራት ድርብ፥ ነጠላ ሁለት ድርብ መሆኑን አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ ይህን ያልጻፈለት ሻጭ ግን ጋቢ ፈላጊውን ነጠላ ያሳየዋል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ የሐበሻ ቀሚስ የሚፈልገው ወገን ደግሞ ስሙን በላቲን ፊደል እንዳሻው ይጽፈዋል። ቡናም ቢሆን ሻጩ በፈረሱላ፥ ገዢው በኪሎ ሊያስበው ይችላል፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑ ካልተመዘገበ ሁለቱ ዋጋዎች ጐን ለጐን አይነጻጸሩም።

«የዓለም የዕቃ መለያ ቁጥር አለ፤ እርሱ ይበቃል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት የጉምሩክ መለያ ለቀረጥ ሥራ የተዘጋጀ ነው። በዚህ መለያ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ለአገሮች ሁሉ የጋራ ሲሆኑ፥ በእነርሱ ውስጥ ጤፍ የራሱ ቁጥር የለውም፤ 1008.90 በሚለው «ሌሎች እህሎች» በተባለው ክፍል ይጠቃለላል። የሚሊዮኖች እንጀራ በዚያ «ሌሎች» ተብሎ መቅረቱ ሲታይ፥ የሱቅ ምድብ ከጉምሩክ መዝገብ እንደማይቀዳ ግልጽ ይሆናል።

በሌላ አገር ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ ተደርጎ እንደ ተያዘ ከአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ለተመራማሪዎች ያሰራጨው መዝገብ 130 ሺህ ያህል የገዢዎች ፍለጋዎችን የያዘ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍለጋ የቀረቡት ዕቃዎች ልክ የሆነ፥ ተተኪ፥ ተጓዳኝ፥ የማይገናኝ ተብለው በአራት ደረጃ በሰው ተፈርዶባቸዋል። ስልክ ለፈለገ ሰው የስልክ ሽፋን ተጓዳኝ ነው እንጂ ልክ አይደለም። መዝገቡ በእንግሊዝኛ፥ በጃፓንኛና በእስፓኝኛ የተዘጋጀ ነው። አማርኛውን ከዚያ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል።

ከቸልተኝነት የሚብሰው ግን ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። አንዳንድ ሻጭ ዕቃው በሁሉም ዘንድ እንዲታይለት ሲል ሽፋኑን ከስልክ ምድብ፥ ያገለገለውን ከአዲስ ምድብ ያስገባል። ይህም በርበሬውን ተሸክሞ ሸማ ተራ እንደሚዘረጋ ሰው መሆን ነው፤ መርካቶ ቢሆን ባለሸማዎቹ ራሳቸው ባስነሡት ነበር። በኢንተርኔት የሚያስነሣው ስለሌለ ገዢው ይሰለቻል፥ ቅኑም ነጋዴ አብሮ ይጐዳል።

ዛሬ ፎቶግራፍ አይቶ የዕቃውን ዓይነት የሚናገር መሣሪያ ስላለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይባል ይሆናል። መሣሪያው በእርግጥ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ባለ 32 ጌጅና ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ በፎቶግራፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ስስነቱ ጣራ ላይ ሲፈተን ነው። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴ ብቻ ነው።

እንግዲህ የንግድ ምክር ቤቱ አባላት የጋራ የስም ዝርዝር ቢያዘጋጁ፥ ከትልልቆቹ የኢንተርኔት ሱቆችም ጋር ቢስማሙበት የተገባ ነው። ሥራው ባለሙያ ከመቅጠር በፊት ከየንግድ ቤቱ ሊጀመር ይችላል። ስልክ የሚያነሣው ጸሐፊ ለአንድ ወር ያህል ደንበኛው ዕቃውን የጠራበትን ስም፥ ነጋዴው የሚለውን ስም ሳይሆን ደንበኛው ያለውን፥ እንዳለ በደብተር ይመዝግብ፤ ከስሙም አጠገብ ደንበኛው አስከትሎ የጠየቀውን ይጻፍ። የመጀመሪያው ዓምድ ምድቡን፥ ሁለተኛው ማጣሪያውን ይሰጣል። በጫማ ቢጀመር ይሻላል፤ በአውሮፓ ቁጥር 38 የሚባለው በእንግሊዝ ቁጥር 5 ስለሚባል፥ ዛሬ በብዙ ማስታወቂያ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሰፍሮ የየት አገር እንደ ሆነ ሳይገለጽ ይቀራልና።