«ኤክቶሞርፍ ነህ»፦ ስሙ ከየት መጣ?

ጂም የተመዘገበ ቀጭን ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ኤክቶሞርፍ» ነው። ወፍራሙ «ኢንዶሞርፍ»፣ ጡንቻ የሞላው ደግሞ «ሜሶሞርፍ» ይባላል። ስሙን ተከትሎ የምግብ ዝርዝርና የስፖርት ፕሮግራም ይመጣል፤ አንዳንዴም በክፍያ። ቃሉ የሳይንስ ሽታ ስላለው «ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያለው ሰው ዊሊያም ሼልደን ነው፤ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ። እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን የሰውነት ቅርጽ «ሶማቶታይፕ» ብሎ ጠራው። «ሶማ» በግሪክኛ አካል ማለት ነው። ሦስቱን ስሞች የወሰደው ከፅንስ ንጣፎች ነው። ከውስጠኛው ንጣፍ የአንጀት ሽፋን ይወጣል፤ ከመካከለኛው ጡንቻና አጥንት፤ ከውጨኛው ደግሞ የላይኛው ቆዳና ነርቭ። «ኢንዶ» ውስጥ፣ «ሜሶ» መካከል፣ «ኤክቶ» ውጭ ማለት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሼልደን እንኳ ሰውን በሦስት ሳጥን አልከተተም። ለእያንዳንዱ ሰው በሦስቱም መለኪያ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጥ ነበር። አብዛኛው ሰው ድብልቅ ነው። ጂም ውስጥ ግን ነጥቡ ቀርቶ ስሙ ብቻ ተረፈ።

የሼልደን ጥፋት ሌላ ነው። በ1942 ከቅርጽ ወደ ጠባይ ተሻገረ፦ ወፍራሙ ምቾት ወዳድ፣ ጡንቸኛው ደፋር፣ ቀጭኑ ዓይን አፋርና ጭንቀታም ተባለ። አካሉንም ጠባዩንም የመዘነው ራሱ ስለነበር፣ የጠበቀውን ማግኘቱ አያስገርምም። በ1949 ደግሞ የቦስተን 200 ወጣቶችን አጥንቶ ጥፋተኝነትን ከሰውነት ቅርጽ ጋር አያያዘ። ለዚህ ሁሉ ሥራው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ራቁታቸውን ፎቶ ተነስተዋል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1950 ተቃውሞ ተነስቶ ፎቶዎቹ ተቃጠሉ። የቀሩት ግን በ1995 ጋዜጠኛ ጉዳዩን እስኪያወጣው ድረስ በየማኅደሩ ተቀምጠው ነበር።

ታዲያ ቃሉ ይጣል? አይደለም። በ1967 ባርባራ ሂዝና ሊንድሴይ ካርተር የጠባዩን ወሬ ትተው ቅርጹን በመለኪያ አስቀመጡት፦ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ፣ የአጥንት ስፋት፣ የክንድና የባት ዙሪያ፣ ቁመትና ክብደት። ሼልደን ሶማቶታይፕ ዕድሜ ልክ አይለወጥም ይል ነበር፤ በእነሱ ዘዴ ግን ውጤቱ የዛሬን ቅርጽ ብቻ ይናገራል፤ በምግብና በልምምድ ይለወጣል። የስፖርት ሳይንስ ዛሬም የሚሠራበት በዚህ መልኩ ነው።

ስለዚህ ቃሉ ከሳይንስ ቤት የተረፈው «ተፈጥሮህ ነው፣ አትለወጥም» የሚለውን ጥሎ ነው። ያንኑ የተጣለ ሐሳብ አንስተው ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሚሸጡት በዓይን ብቻ አይተው ስም የሚያወጡ ናቸው። ልጁም ስሙን ተቀብሎ «እኔ አልወፍርም» ወይም «እኔ አልቀጥንም» እያለ ተስፋ ይቆርጣል። ሜትርና ሚዛን ያልያዘ አሠልጣኝ የሚሰጠው ስም ቅጽል እንጂ ምርመራ አይደለም።