ለእኛ የጠራው፣ ለእነርሱ መርዝ



ለዒድ ለልጆቻችን 3 ወርቃማ ዓሣዎች ገዝተን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመስታወቱን ገንዳ ባዶ አደረግን፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ ጭምር በቧንቧ ውሃ አጥበን አዲስ ውሃ ሞላንበት። ሲነጋ ሁለቱ ሞተው ተገኙ፤ ሦስተኛውም ሳምንት ሳይሞላው ተከተላቸው። ትንሿ ልጃችን «ውሃው እኮ ንጹሕ ነበር!» አለችን። እውነቷን ነው። ለውዱእ የሚሆነውን ውሃ በቀለሙ፣ በጣዕሙና በጠረኑ እንለያለን። ለዓሣ ግን ይህ መለኪያ አይበቃም።

የቧንቧ ውሃ ተውሳክ እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ይኸው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በሌላ በኩል ዓሣው ራሱ ዘወትር አሞኒያ ያስወጣል፤ በዓይን ባይታይም መርዝ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን መርዝ የሚያከሽፉ ባክቴሪያዎች ፈጥሯል። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ዋና መኖሪያቸው ስፖንጁ ነው። እኛ ግን አጸዳን ብለን በክሎሪን ፈጀናቸው።

ታዲያ የትኛውን የማጣሪያ ዘዴ እንምረጥ? ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ዓሣው ዕለት ዕለት የሚያስወጣውን አሞኒያ ግን አይከላከልም። ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል ቀለምን፣ ጠረንንና ክሎሪንን ይይዛል፤ ለአሞኒያ ግን አይረዳም፤ በየጊዜውም መለወጥ አለበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው መሣሪያ ዓሣው የሚፈልጋቸውን ማዕድናት ጭምር ያስወግዳል፤ ብዙ ውሃም ያባክናል። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ነው። ከእርሱ ጋር ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፦

1. የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቀመጥ። ክሎራሚን የተጨመረበት ከሆነ ግን በማሳደር አይለቅምና ለዚሁ የተዘጋጀ ማከሚያ ይጨመርበት።

2. በሳምንት ሩብ ያህሉ ውሃ ብቻ ይለወጥ። ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ይጨመቅ።

3. በአዲስ ገንዳ ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ዓሣና በጥቂት ምግብ እንጀምር።

4. መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ያን ጊዜ ምግብ አቁመን፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፍስስ፤ አየር ያገኛል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመትን አስራ፣ ሳትመግብም ሳትለቅም ስለገደለች ሴት ቅጣት ነግረውናል። ዓሣም ውሃው ቢመረዝበት ወዴትም መሄድ አይችልም፤ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጥነው እኛ ነንና። ልጆቻችን ከጨዋታው በፊት ይህን አማና ይወቁ።

ከገንዳው የተቀዳውንም ውሃ አንድፋው፤ ናይትሬቱ ለተክል ምግብ ነው። በእኛ ቤት ያቺው ልጃችን በየሳምንቱ የጓሮውን ጎመን ታጠጣበታለች።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።